ሦስተኛዋ ቁጥር

ከጦሳ ላይ ወርዶ ጉም ሲሞላ መንገድ፣
በሸዋ በር ቁልቁል ቤት ለቤት ሲሄድ፣
ቀድማ የምትሰወር ትንሿ ደወሏ፣
ቀጥሎ ቆርቆሮው፣ ከዚያ ድንጋይ አካሏ።
የማያውቅ መንገደኛ መጋዘን ይላታል፤
አልተሳሳተም፣ እሱንም ሆናለች፣ ይደረስበታል።

"ሚሲዮን ነው የሠራት" ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው።
ገንዘቡስ አዎን፣ ባሕር አቋርጦ መጣ፣
ድንጋዩ ግን ከቦርከና ነው የወጣ፤
አግዳሚውን ሁሉ አንድ በአንድ የላገው
እንድሪስ አናጢ ነው፣ አጥር የሚለየው፤
ከጁምዓ መልስ እጅጌውን ሰብስቦ
ለእኛ እሑድ የሚደክም፣ ላቡን አንጠባጥቦ።

ከመድረኩ በስተግራ ሰሌዳ ነበረች፣
በሦስት ረድፍ ሚስማር የዕለቱን መዝሙር የያዘች።
ቁጥር የሚሰቅለው አባቴ ልሳኑ ነው፣
ከቆርቆሮ ሣጥን እየለቀምኩ እኔ የማቀብለው።
"ስድስትና ዘጠኝ አንድ ናቸው" ይለኝ ነበር፣
"አሰቃቀል ነው የሚለያቸው። አደራ።"

በዚያች እሑድ፣ ሁለተኛው መዝሙር ተጋምሶ፣
ጠመንጃ ያነገቱ ገቡ።
ማንንም አልመቱም። "ውጡ" አሉ፣ ወጣን።
ወይዘሮ ማዘንጊያ አፏ ላይ የነበረውን ስንኝ
ሳትጨርሰው መጽሐፏን ዘጋች።
በሩ ላይ ቀይ ሰም ታተመ።

ስንዴ ገባባት፣ ስኳር ገባባት፣
በድርቁ ዓመት የእርዳታ ዱቄት፣ ጆንያው እስከ መስኮት።
የቀበሌው ሒሳብ ያዥ ሰሌዳዋን አይቶ
አላወረዳትም፣ የኩንታል ቁጥር መስሎት፤
አንድ ቀን እንዲያውም ከመዝገቡ ጋር አስተያይቶ
"ጉድለት አለ" ብሎ ዘበኛውን ከሰሰው አሉ።

አባቴ ቁልፉን አስረክቦ ከመጣ ወዲህ
ስለ ቤቲቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም።
በስድስተኛው ክረምት ሞተ።
ሣጥኑን የመታው እንድሪስ ነው፣ ሒሳብ አልተቀበለም።

ዘመን ሲገለበጥ ማኅተሙ ተሰበረ።
ዱቄቱን ጠረግን፣ አይጡን አባረርን።
እንድሪስ አግዳሚዎቹን በጋሪ ጭኖ መጣ፣ አንድም አልጎደለ፤
"ለማገዶ ነው ብዬ ነበር የወሰድኳቸው" አለ፣
"ማገዶ ደግሞ ምን ያስቸኩለዋል?"

ሰሌዳዋ እንደተሰቀለች ናት።
"ካቆምንበት እንጀምር" አለች ማዘንጊያ፣ ፀጉሯ ነጥቶ።
ሁለተኛውን ጨረስን።
የሦስተኛዋ መጨረሻ ቁጥር ግን፣ ሚስማሯ ላልቶ፣
ተጋድማለች፤ መቶ ስድስት ትሁን መቶ ዘጠኝ
ማን ይወቅ?
ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፣ አቀባይዋ ነበርኩና።
አላስታወስኩም። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

እንድሪስ ከደጃፉ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ሳይገባ፣
"አብሽሪ" አለኝ።
"የዚያን ዕለት ጠዋት ሲለማመዷት ሰምቻታለሁ፤
እስኪደግሟት መላጊያዬን አቁሜ ስጠብቅ
ይኸው እስከ ዛሬ።
ቃሉን አላውቀውም። ዜማው ይህ ነው" ብሎ
በከንፈሩ አፏጨ።

"መቶ ዘጠኝ!" ማዘንጊያ ከመቀመጫዋ ተነሣች።
ዘመርን። አላማረልንም፣
ግማሻችን ሽቅብ፣ ግማሻችን ቁልቁል፤
እሱ በር ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው አፏጨልን።

ዛሬ ቁጥር የምሰቅለው እኔ ነኝ።
ከሣጥኑ ዘጠኝን ሳወጣ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣
አንዴ ገልብጬ አያታለሁ።
ጉሙ በተሰበረው መስታወት ይገባል።
ከአጥሩ ማዶ የእንድሪስ ልጅ ይልጋል፣ ይልጋል፣
ሦስተኛው መዝሙር ሲደርስ
መላጊያው ይቆማል።