ጭቃ ሹም

ዐርብ ከቀትር በኋላ፣ የማዕድኑ ግድብ ሲናድ፣
ዝቃጩ ቁልቁል ወረደ፣ ማንንም ሳይጠይቅ መንገድ፤
ሳንታ ኤውላሊያን ገዛት፣
ከደወል ማማው ጫፍ በቀር፣ ሁሉን ባንድ ቀለም ቀባት።
ጭቃ ሹም ማለት ይኼ ነው፤
ደጅ ሳይጠና የተሾመ፣ ግብር በነፍስ የሚያስከፍለው።

እኔ የደረስኩት ግን፣ ጭቃው ደርቆ ከነቃ ወዲያ፣
አንድ ቦርሳ፣ ሁለት ማኅተም፣ ቁልፉ የላላ ማስያ።
የኩባንያው ጠበቃ አይደለሁ፣ የሟች ወገንም አይደለሁ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ኖርኩ፣
ለመሃል ሰፋሪነት ደመወዝ እየበላሁ።
ጀልባ ሲሰጥም ጠሩኝ፣ አውሮፕላን ሲወድቅ ጠሩኝ፤
ቤሎ ኦሪዞንቴ ያሉ ልጆቼ
ዜና በሰሙ ቁጥር፣ ሻንጣ ሸክፈው ጠበቁኝ።

በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ከቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር፣
ዕድሜን በደመወዝ ሳባዛ፣ ያልተኖረ ዘመን ስደምር፤
እንዲህ ነው የእኛ ስሌት፦
የቆፋሪው ነፍስ ትከብዳለች፣ የባልቴቷ ቀላል ናት፤
የሕፃን ነፍስ ሲሆን ግን
ሠንጠረዡም ይተክዛል፤
«በግምት» ይላል ከግርጌው፣ በደቃቅ ፊደላት።

ኦሊንቶ መጣ፣ ንብ አርቢው፣ ባርኔጣውን ሳያወልቅ።
ሠላሳ ስምንት ቀፎ፣ አንድ ባንድ አስቆጠረኝ፤
የትኛው ከብርቱካን አበባ፣ የትኛው ከዱር እንደሚቀስም
አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኝ።
ጻፍኩ። ፈረመ። ተነሣ።
በሩን ይዞ ዞር አለና፦ «ሚስቴም አለች» አለኝ፣
«እሷን ግን በየትኛው መስመር እንደምትጽፊያት፣ አላውቅ።»

በማግስቱ ሁለት ሴቶች፣ ሁለቱም የዤንቲል ሚስቶች፤
አንዷ የአንዷን መኖር ያወቁት፣ ከእኔ ጠረጴዛ ደርሰው።
ዝምታው እስኪከብድ ቆዩ።
ኋላ ትልቋ፣ ቀና ሳትል፦
«ሌሊት ሌሊት፣ አንቺም ዘንድ ያስለው ነበር?»
«ያስለው ነበር።»
«ምን ትሰጪው ነበር?»
«ማር፣ ከሎሚ ጋር።»
እኩል ተካፈሉ።
መዝገቡ «አደራዳሪዋ አስማማቻቸው» ይላል፤ ውሸት ነው፤
እኔ ያን ጊዜ እስክሪብቶዬን እየፈለግኩ ነበር።

ዙልሚራ ግን...
ልጇ ዴልሲዮ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፤ አስከሬኑ አልተገኘም።
«ሰው ልጁን አፈር ያለብሳል፤ እኔ ለማልበስ አልደረስኩም፤
አፈሩ ነው፣ ራሱ መጥቶ፣ ልጄን የለበሰው» አለች።
ገንዘብ አልጠየቀችም።
«ግድቡ ደኅና ነው ብሎ የፈረመው ሰው ይምጣ፤
ከዚህ ወንበር ይቀመጥ፣ የልጄን ስም ከአፉ ያውጣ፤
አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ይሂድ።»

ወሰድኩት ለኩባንያው። ጠበቃቸው ቤልሚሮ ሳቀ፤
ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ያፈረ ሰው ሳቅ ነው፦
«ስም መጥራት ጥፋት ማመን ነው።
አንድ ሦስተኛ እንጨምር፤ ስሙ ይቅር።»

ሥራዬን አውቃለሁ።
ሦስት ቀን ተመላለስኩባት፤
ስለሚያፈሰው ጣራዋ፣ ስለ ታናሿ ልጇ ትምህርት
በለሆሳስ አወራኋት።
ቅቤ አንጓች አይደለሁም፤
ያልኳት ሁሉ እውነት ነበር፤
ክፋቱም እሱ ነበር።
በአራተኛው ቀን ፈረመች።

ማታ፣ ማኅተም ልመታ ስል አየሁት፦
ከፊርማው መስመር ላይ፣
በትልልቁ፣ በተማሪ እጅ ጽሕፈት፣
የራሷን ስም አልጻፈችም፤ የልጇን ነው።
ዴልሲዮ።
በሕግ ዐይን ሙት አይፈርም፤ ወረቀቱ ዋጋ የለው።
አይቼ እንዳላየሁ፣
መታሁበት።

ዘንድሮ ጡረታ ስወጣ፣ የመስታወት ዋንጫ ሰጡኝ፤
«እንከን የለሽ አገልግሎት» ይላል።
መዝገብ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አንድ፣
ከኩባንያው ካዝና ውስጥ፣
አሁንም ስሙን እንደያዘ ነው።