ኬክሮስና ኬንትሮስ

በሃሊፋክስ ሌሊት፣ በረዶ ሲከመር፣
ከገጹ ላይ ካርታ ስሰፋ በመስመር፣
ጠራጊ መኪኖች በነጥብ እንዲታዩ፣
በጣት ሲጎትቱት መንደሮች እንዲለዩ፤
አለቀልኝ ብዬ ቁልፉን ስመታ፣
አሥራ ሁለት መኪና ሰጠመ ባንድ አፍታ
ደቡብ ዋልታ ባሕር፣ ሰው ከሌለው ቦታ።

ስልኬ ጮኸ። ሎርን ነው፣ የሰባት ቁጥር ሾፌር፦
«እኔስ ያለሁት ጎቲንገን መንገድ ላይ፤
ካርታህ ከዓሣ ነባሪ ሊያጋባኝ ነው ወይ?»

ለካስ ኬክሮስ ብዬ ስጠራው በስሙ፣
«አቤት» ይለኝ ኖሯል ኬንትሮስ ወንድሙ።

የተበወዘውን ካርታ አስተካክዬ፣
መስኮቱ ላይ ቆምኩኝ «እስኪ ይምጣ» ብዬ።
ቢጫው መብራት ቀድሞ ግድግዳዬን ላሰ፤
መኪናው ካለፈ፣ ከታጠፈም ወዲያ
ነጥቡ እያለከለከ ደጄ ላይ ደረሰ።