ዘጠኝ ቀን በደጀን

በሐምሌ እኩሌታ ገደሉ ተናደ፣
ከኩራር በላይ መንገዱን ወሰደ።
እኔ ከማደያው ደረሰኝ ስቆርጥ
ክብሪት ጠየቅኸኝ፤
ነዳጅ ላይ ቆመህ!
ተቆጣሁ። ሳቅህ።
ስምህ ማነው? ስልህ፣
«አንለይ» አልኸኝ።

ዘጠኝ ቀን ነው፣ በቃ።
በርበሬ የጫነ የቡሬ መኪና፣
ጋቢናው በጉም ተጋርዶ።
ባስነጠስኩ ቁጥር «ይማርሽ» ስትለኝ፣
ከጆንያው ተጠጋሁ፣ ደግሞ እንዲያስነጥሰኝ።
ደጀን በምህላ «ናዳው ይነሣ» ሲል፣
እኔ ብቻ ነበርኩ «ድንጋይ ጨምር» የምል።

በአሥረኛው ጠዋት ግሬደሩ መጣ፣
እልልታው ቀለጠ፤ ሞተርህ ጭስ አወጣ።
«እደውላለሁ» አልህ።
ቁልቁለቱን ገባህ፤
ፍሬንህ ሲያፏጭ ሰማሁ፣
ከዚያ ምንም።

መስከረም ጠባ። ሽታው ከሹራቤ አልለቀቀም፤
ትናንት ማታ አስነጠስኩ፤
ማደያው ዝም አለ።
ስምህን ያወጣች እናትህን አሰብኳት፤
እሷንስ በስንት ቀን ማን ይሆን የተዋት?

ቁልቁል የሚወርዱ ሾፌሮች ይቆማሉ፣
ነዳጅ እየቀዱ ወሬ ይጠይቃሉ።
«መንገዱስ?» ለሚለኝ መልሴ ያው አንድ ነው፦
እሱም እንደ እኔው ተከፍቶ ነው ያለው።