ጭስ ወይስ ቺንግያ

ከለገሀር ሽቅብ ቸርችልን ስጀምር፣
መኪናዬ ያቃስታል እንዳረጀ በር፤
ፖስታ ቤት ጋ ሲደርስ ማርሽ ልቀይር ይላል፣
ትንፋሹን እስኪሰበስብ ሚኒባስ ያልፈኛል፣
ረዳቱ በመስኮት «እንግፋልሽ?» ይለኛል።

እቁብ ደረሰኝ። ሃያ ሰባት ዙር ጠብቄ፣
ለጣራ ቆርቆሮ ያልኩትን ደብቄ፣
ሶማሌ ተራ ወረድኩ፣ ኮፋኖ አስከፈትኩኝ፣
«ጉልበት ጨምሩልኝ» አልኩና ቆምኩኝ።

ሙዘይን ቀድሞ መጣ፣ እጁን በጋዝ ታጥቦ፣
«ቱርቦ ነው» አለኝ፣ ቃሉን ቆጥቦ።
«የምትጥዪው ጭስ አለ፣ በማርሚታ የሚሄድ፣
ማንም የማይፈልገው፣ በከንቱ የሚበንን፣ የሚነጉድ፤
እሱ ነው የሚያሽከረክር ያቺን ትንሽ መዘውር፣
እሷ ናት አየር የምትጠቀጥቅ ወደ ሞተር።
ይህ ከተማ ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ ስስ ነው፣
ስስ አየር እንደ ነጠላ አጥፎ መደረብ ነው።»

«ጉድለት የለውም ታዲያ?»
ሳቀ። «ትንሽ ያዘገያል።
ነዳጅ ስትረግጪ መጀመሪያ ያስባል።
ከዚያ ግን…» አለና እጁን ወደ ሰማይ ላከ፣
የቀረውን ለኔ ተወው፣ በመዳፉ ለካ።

ድንቁ ከጎማ ክምር ላይ ዘሎ ወረደና፣
(ቱርቦ ሲባል የሚቆጣ፣ ሰው እንደ ነካው ቁስሉን ገና)
«መጠበቅ ምን ሊበጅሽ? ሱፐርቻርጀር አለ፣
ከሞተሩ ወገብ ላይ በቺንግያ የተንጠለጠለ፤
ስትረግጪ ይመጣል፣ ሳትጨርሺ መርገጥ፣
‹ቆይ› የሚል ቃል አያውቅም፣ አይወድም ማላገጥ።»
«ከየት ያመጣል ጉልበቱን?»
«ከራሱ ከሞተሩ።
አሥር ሊሰጥሽ ሁለቱን ይወስዳል ከበሩ።»
«እንደ ደላላ?»
«እንደ ደላላ። ግን ሥራሽ ያልቃል ባፍታ።»
ሙዘይን አጉረመረመ፦ «ከኪስሽ ወስዶ ለራስሽ ስጦታ!»

ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ከኔ መኪና ወጣ፤
ማን ማንን እንደጠበቀ፣ ማን ሳይጠሩት መጣ፣
ለሠርግ ስለ ተበደሩት፣ ስላልተመለሰ ብር፣
ስለ አንድ ሐሙስ ማታ፣ ስለ ሆስፒታል በር።
እኔ ቆምኩ በመሐል፣ እንደ ተረሳ መፍቻ፣
ቁልቁል እያየሁ የጫማዬን ጫፍ ብቻ።

ሉባባ፣ ከቴክኒክና ሙያ ለልምምድ የመጣች፣
ስሟን ማንም ሳይጠይቅ ለሻይ ስትላክ የከረመች፣
የዘይቱን መለኪያ ከካምቢዮው መዘዘች፣
ጠረገች፣ መለሰች፣ ደግማ አወጣች፣ አሸተተች።

«እትዬ፣ ይሄ ዘይት ዱሮ ቀይ ነበር፤
አሁን አሯል፣ ይሸታል እንደ ተረሳ ድስት ግርጌ ጥቀርሻ።
ካምቢዮዎ አውቶማቲክ ነው፣ የለውም ፍሪሲዮን የሚረገጥ፣
መቼ እንደሚቀየር ራሱ ነው የሚመርጥ፤
ከጭስም ይምጣ ከቺንግያ፣ የሚጨመር ጉልበት
የሚያርፈው እዚህ ጫንቃ ላይ ነው፣ በዚህ ባረረ ዘይት።
ማን ይጫን ብለው እነሱ ይኸው ይሟገታሉ፤
የሚሸከመውን ጠይቀዋል?»

ሁለቱም ዝም አሉ። ጋራዡም ዝም አለ፣
አንድ ኮምፕሬሰር ብቻ ከጥግ ተነፈሰ፣ ቀስ እያለ።

ብሬ ለዘይት ዋለ፣ ለፊልትሮ፣
ለካምቢዮው ብቻ ለሆነች ትንሽ ራዲያተር፤
የተረፈው ቆርቆሮ ይገዛል፣ ግማሽ ጣራ።

ቸርችልን ወጣሁ። ዳገቱ ያው ዳገት ነው፤
ሚኒባሱ አለፈኝ፣ እንደ ልማዱ።
ማርሹ ሲቀየር ግን አልሰማሁም፤
ቴዎድሮስ አደባባይ መብራት ያዘው፣ ደረስኩበት፤
ረዳቱ አየኝ፤ ምንም አላለም።

ድንቁ በዚያው ማታ ደወለ፦ «ወሰንሽ?»
ሙዘይን በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ስረሳው፤
ሲጀምር ደግሞ ማን ያስቆመዋል!
ለሁለቱም አንድ መልስ ሰጠሁ፦
«ሉባባን ጠይቁ።»