የሦስት ቀን መኪና

ኤርፖርቱ ውስጥ፣ ከሻንጣው መውጫ በር ፊት ለፊት፣
ስድስት ባንኮኒ አለ፣ ስድስት ዓይነት ከረባት፣
ስድስት ዓይነት ፈገግታ፤ ሁሉም አንድ ጥያቄ፦
«ክሬዲት ካርድ አለዎት?» መለስኩላቸው በሳቄ።
የቀበሌ መታወቂያ ነው ኪሴ ውስጥ ያለው ካርድ፤
እሱም ጥጉ ተላልጦ፣ ፎቶው ሊወድቅ ሲንገዳገድ።

ወጣሁ። ሙቀቱ በሩ ላይ ጠበቀኝ እንደ አበዳሪ፤
በእኛ ዘንድ ነሐሴ ዝናብ ነው፣ እዚህ ግን እሳት ጫሪ።

ዘምዘም ደውላ ነበር፦ «ሦስት ቀን ፈቀዱልኝ፣
በአሥራ አንድ ዓመቴ ሦስት ቀን፤ መኪና ተከራይልኝ።
ባሕሩን፣ ተራራውን፣ አሸዋውን አሳየኝ፤
የኖርኩበትን አገር፣ ወንድሜ፣ አንተ አስጎብኘኝ።»

እሺ አልኩ፤ ለምን አልልም? ሃያ ዓመት መሪ ጨብጫለሁ፤
ከኮምቦልቻ ጅቡቲ በኤፍ ኤስ አር ተመላልሻለሁ፤
የሚሌን ግለት ባውቀውም፣ ጎማ በሌሊት ብቀይርም፣
መኪና የት እንደሚከራዩ ግን ያስተማረኝ የለም።

ሌሊቱን በዴይራ፣ አምስት ሰው በሚያድርበት ክፍል፣
ምክር ያዘንብብኝ ጀመር ሁሉም ከየአልጋው ዘንበል ሲል።
«ከኤርፖርት አትከራይ፣ ጣሪያውንም ያስከፍላሉ» አለ አንዱ፤
«ናይፍ ይረክሳል» አለ ሌላው፤ «አይ፣ ካራማ ነው መንገዱ።»
ደርቤ ብቻ ዝም ብሎ፣ ጥፍሩን እየቆረጠ፣
«ማስያዣው ነው ጉዱ» አለ፤ «ገንዘብህ እዚያ ቀለጠ።
ስትመልስላቸው ጭረት በባትሪ ይፈልጋሉ፤
የሰባት ሰውን ጭረት ባንተ ስም ይጽፋሉ።»
ቀጥሎም የራሱን መኪና አነሳ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤
«ያለ ውል፣ በእምነት፣ ላገሬ ልጅ…» አየኝ ሊያግባባኝ ፈልጎ።
እምነት ርካሽ ነው፤ ግን ፖሊስ ካስቆመን ምን እላለሁ?
ዘምዘም በኔ ሰበብ ብትባረር የማን ፊት አያለሁ?

ጠዋት ናይፍ ሄድን፤ ከልብስ ሰፊ ጎን ያለች ጠባብ ቤት፣
ግድግዳዋ ቁልፍ ብቻ፣ ጠረጴዛዋ የሻይ ብርጭቆ ክብ ያረፈበት።
አሽራፍ የሚሉት የኬራላ ሰው፣ መነጽሩ ከግንባሩ፣
«ነጭ ሰኒ አለችኝ» አለ፤ «ቀኑ ሰማኒያ ዲርሃም፤ አትከራከሩ።»
ተከራከርን። ሰባ ገባ። ማስያዣውም በጥሬ ብር።
ያኔ መንጃ ፈቃዴን ዘረጋሁ፣ የሃያ ዓመቴን ምስክር።

ገለበጠው፤ ወደ ብርሃን አየው፤ ገፋ አደረገው በጣቱ፤
«ዓለም አቀፉ የለህም? እንግዲያ አይሆንም» አለ፣ አዘነ ፊቱ።

የሌሊቱ ስሌት ሁሉ፣ ኤርፖርቱ፣ ካራማው፣ ናይፉ፣
ሰባው፣ ሰማኒያው፣ ማስያዣው… ባንዲት ወረቀት ጠፉ።

ዘምዘም ቦርሳዋን ከፈተች።
የማዳሟ መድኃኒት፣ መሐረብ፣ ማበጠሪያ፣
የልጆቹ ማስቲካ፤ ከሥሩ ሮዝ የካርድ ማኖሪያ።
መንጃ ፈቃዷን አስቀመጠች። ፎቶዋ እሷን ይመስላል።
አሽራፍ «ማሻአላህ» ብሎ ውሉን መጻፍ ይጀምራል።

«መቼ?» አልኳት። «ሾፌሩ ሲሄድ ልጆቹን የሚያመላልስ ጠፋ፤
ሦስቴ ወደቅኩ፣ በአራተኛው አለፍኩ፤ ይኸው አራት ዓመት ተገፋ።»
«ለምን አልነገርሽኝም?»
«ሾፌሩ አንተ ነህ በቤታችን፤
አንድ ሾፌር ይበቃል ትል የለ» አለች፣ «እናታችን?
ደሞ የማውቀው መንገድ ሦስት ነው፦ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ገበያ፤
ከነሱ ወዲያ ታጥፌ አላውቅም፣ ባንዲትም ማዞሪያ።»

አሽራፍ ጭረት ቆጠረ፣ በስልኩ ፎቶ አነሳ፤
እሷም በስልኳ አነሳች፣ ከጎማ እስከ ጣሪያ፣ አንዷን ሳትረሳ።
ከኋላ በር ሥር አንዲት ጭረት፣ እንደ ክር የቀጠነች፤
«ይቺም ትጻፍ» አለች በዐረብኛ።
ተጻፈች።

ተሳፈርን፤ እሷ ከመሪው፣ እኔ ከረዳቱ ወንበር፤
ጉልበቴን የት ላድርገው? እጄስ ምን ላይ ይደር?
መታጠፊያው ጋ ቀኝ እግሬ ወለሉን ጫን አደረገ፤
ፍሬን የለም እዚያ። እግሬ ግን ደጋግሞ ፈለገ።

ድልድዩን አልፈን መብራት ያዘን። በልማድ፣ ሳታስበው፣
የቀኝ ፍሬቻ አበራች፤ የትምህርት ቤቱ መንገድ ነው።
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ…
አጠፋችው።
«ተራራው በየት ነው?» አለችኝ። አረንጓዴ በራ።
እኔም አንገቴን በመስኮት አውጥቼ፣ እንደ ረዳት፦
«ሳብ! ሳብ! በግራ!»