ግማሽ ሚሊሜትር

ከፌይራ ቡሽ ፋብሪካ ጓሮ፣ ከወፍጮው ጩኸት ባሻገር፣
ዴኦሊንዳ መቀስ ይዛ ከካርቶን ጋር ስትነጋገር፣
ሁለት ዓመት።
የምትሻው ትንሽ ነገር፦
አንድ ካሬ የወለል ንጣፍ፣ ጎን ለጎን የሚያያዝ፣
ያለ ሙጫ፣ ያለ ሚስማር፣ ለሕፃን እጅ የሚታዘዝ።

ቡሹ የመጣው ከደቡብ ነው፤ ዛፉ ሳይቆረጥ፣ ሳይወድቅ፣
በዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ ቆሞ ልብሱን የሚያወልቅ።
በራቁት ግንዱ ላይ ቁጥር በነጭ ቀለም ተጽፎ፣
ይጠብቃል ተራውን፣ እስኪላጥ ዘጠኝ በጋ አልፎ።

የመጀመሪያው ንድፍ ሁለት ጎኑ ምላስ፣ ሁለት ጎኑ ጎድጓዳ፤
አንዱ ሲሰጥ አንዱ ሲቀበል፣ እንደ አበዳሪ፣ እንደ ባለዕዳ።
ሽማግሌው ሴራፊም ግን፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣
ከበሩ እስከ መስኮቱ ሲያነጥፍ፣ ግድግዳውን ታክኮ፣
መጨረሻው ጥግ ላይ ደርሶ፣ የቀረችውን አንዷን ንጣፍ
ቢያዞራት፣ ቢገለብጣት፣ ወይ ምላስ በምላስ ወይ አፍ በአፍ።

«ልጄ፣ የተንበረከከ ሰው አያስብም፤ ጉልበቱን ያመዋል።
ማሰቡን እዚያው ጨርሺልኝ፣» አላት፤
«እኔ ዘንድ ሲደርስ ይግጠም።»

ያን ሌሊት እርሳስ አነሣች፤ ጎኑን ከመሃል ከፈለች፤
ግማሹን ወደ ውጭ አወጣች፣ ግማሹን ወደ ውስጥ ሳበች።
አራቱም ጎን አንድ ዓይነት ሆነ፣ ሰጪም እሱ፣ ተቀባይም፤
ቢያዞሩት፣ ቢመልሱት፣ አንዱ ካንዱ አይለይም።
(ግጥምስ ሌላ ምንድር ነው? የቃሉ ሥር ያው መግጠም፤
ስንኝ ከስንኝ ካልተነካከሰ፣ ቤት ቢመታም አይጥም።)

አለቃዋ አልቢኖ ግን የሚወደው ጥብቅ ነገር፤
«በመካከሉ ፀጉር እንኳ እንዳይገባ፣» ሲል ነበር።
አጥብቃ ሠራችው። በመዶሻ ነው የገባው።
በመዋዕለ ሕፃናቱ ተነጠፈ፤ አዳራሹን ሞላው።
ሰው ሁሉ አይቶ ተገረመ፤ መጋጠሚያው እንኳ አይታይ።
ከዚያ ኅዳር መጣ፤ ጭጋግ ከአትላንቲክ፣ ዝናብ ከሰማይ።
ቡሹ ጠጣ። ጠጥቶ አበጠ። አብጦ መሄጃ አጣ፤
በዐሥራ አንደኛው ሌሊት ወለሉ ጎብጦ ወደ ላይ ወጣ።

ልጆቹ ግን ወደዱት፤ «ዓሣ ነባሪው» አሉት፤
በየመኪናቸው አናቱ ላይ ወጥተው ቁልቁል ተንሸራተቱበት።
ዳይሬክተሯ ዶና ፊሎሜና ስልክ መታች፦
«ወለልሽ አርግዟል፤ መጥተሽ እዪው፣» አለች።

ሄዳ ከጉብታው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።
በጣቷ መታ መታ አደረገችው፤ ባዶ ድምፅ መለሰላት።
ለካ የሞተ መስሏት ነበር።
ከዛፉ ቢላጥም፣ ቢፈጭም፣ በእንፋሎት ታሽቶ ቢደርቅም፣
መተንፈሱን አልተወም።

ሦስተኛውን ስትስል ክፍተት ጨመረች፤ ግማሽ ሚሊሜትር፤
ከግድግዳው ሥር ደግሞ አንድ ጣት፣ ማንም የማያየው ድንበር።
አልቢኖ ተቆጣ።
«ባዶውን ለማን ልሽጠው? ካሬውን በስንት?»
«ምርቃት በለው፣» አለችው፤ እርሳሷንም አላስቀመጠች።

ኅዳር ዞሮ መጣ። ያው ጭጋግ፣ ያው ዝናብ።
ስልኩን ወደ ጠረጴዛዋ ጠጋ አደረገችው።
ታኅሣሥ።
ጥር።
የደወለ የለም።

በየካቲት፣ ለሌላ ጉዳይ በዚያ ስታልፍ፣ ጎራ ብትል፣
ጽዳት ሠራተኛዋ ግራሲንዳ መወልወያዋን ተደግፋ፦
«ሰማያዊ ቀለም ደፍተውበት አንዷ ተበላሽታ ነበር፤
በቅቤ ቢላ ነቅዬ ከቁም ሣጥኑ ሌላ ተካሁ።»
«ማንን ጠይቀሽ?»
«ማንን ልጠይቅ? ወለል እኮ ነው።»

ዴኦሊንዳ ጎንበስ ብላ ፈለገቻት። እዚያ፣ ከመስኮቱ ሥር፣
ጠቆር ያለች፣ ገና ፀሐይ ያላነጣቻት።
ጫማዋን አውልቃ ተረከዟን አሳረፈችባት።
ትንፋሽ ታህል ተላወሰች፤
ያዘች።