የወጪ ቁጥር

ማክሰኚት፣ ማክሰኞ፣ ገበያው ሲደራ፣
ጉዳይም ይወርዳል ከአህያው ጭነት ጋራ፤
ጤፍ ሊሸጥ የመጣ ደብተሩን ያነሣል፣
አህያውን ከአጥር አስሮ መዝገብ ቤት ይደርሳል።

በግራ ገቢ ነው፣ በቀኝ በኩል ወጪ፣
መካከል ላይ እኔ፣ ቁጥር ቆጥሮ ሰጪ።
የገቢው መዝገብ አራተኛው ሊያልቅ ነው፣
ወጪው በመጀመሪያው፣ ያውም ግማሹ ነው።

ማህተሙ መሳቢያ ውስጥ፣ መሳቢያው ተቆልፎ፣
ቁልፉ በኃላፊው ኪስ፣ ከመነጽር ጋር ታጥፎ፣
ኃላፊው ጎንደር ናቸው፤ ምክንያቱ ተጽፎ
በሩ ላይ ይነበባል፣ በፕላስተር ተለጥፎ፦
"ስብሰባ። አጀንዳ፦ የባለጉዳይን እንግልት መቀነስ።"
ከሥሩ፦ "ኃላፊው የሚገኙት የፊታችን ሐሙስ።"

መብራት ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጠፍቷል፤
ኮምፒውተሩ ዳንቴል ለብሶ ተኝቷል።
አንዱ የማዳበሪያ ኮታው ቀርቶበታል፣
አንዱን ጎረቤቱ ወሰን ነቅሎበታል፣
አንዱ በመሬት ደብተር፣ በጸሐፊ ስህተት፣
አባቱ ፈንታሁን "ፈንታ" ብቻ ሆኗል፤
"'ሁን' የሚለው የት ወደቀ?" እያለ ይጠይቃል።

ወይዘሮ ትርንጎ ከጥቁር ውሃ ማዶ
ጭቃዋን ከደጃፍ አራግፋ ገባች።
"ድልድይ ነው" አለች።
አቃፊውን አወጣሁ፣ አቧራውን መታሁት፣
ማመልከቻ በማመልከቻ እያነሣሁ ቆጠርሁት፤
አሥራ አንድ ክረምት፣ አሥራ አንድ የጣት አሻራ፣
ሐምራዊው ቀለም የገረጣ እንደየዓመቱ ተራ።
ከባለጣቶቹ ሁለቱ የሉም፤
አንዱን ያው ወንዝ ነው የወሰደው፣ ፋይሉ ግን አይልም።
በየማመልከቻው ጥግ፣ በየአለቃው እጅ ጽሑፍ፣
"ይታይ።" "በጀት ሲገኝ።" "በዕቅድ ይያዝ።" "ይለፍ።"
የመጨረሻውን ባነብላት ሳቀች፤
"ወረቀቱ ካለፈ እኛስ መች አለፍን?" አለች።

ከዚያ ተቀመጠች። ወንበሩ ጮኸ።
"ድልድዩን ተዉት፤ እምቢታውን ስጡኝ።
ባፋችሁ 'እሺ' እያላችሁ ነው ስትሸኙኝ የኖራችሁኝ፤
እሺታ ጠግቤያለሁ፣ 'እምቢ' ብላችሁ ጻፉልኝ።
ወንዙ እንኳ ሲሞላ 'አትሻገሪ' ይለኛል፣
የናንተ እሺ ግን ካንድ ዳር ያቆመኛል፤
እምቢውን ስጡኝ፣ እሱ ዞን ያደርሰኛል።"

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚች ወንበር ላይ
ለ"አይሆንም" ቁጥር ሰጥቼ አላውቅም።
ለማዘዣ ቅጽ አለው፣ ለማሳሰቢያ ቅጽ አለው፣
ለእምቢታ ቅጽ የለውም።
እስክሪፕቶዬን አነሣሁ። እጄ ጥቂት ዘገየ።

ጉዳዩ፦ ድልድይ ያልተሠራ ስለመሆኑ።
በጥቁር ውሃ ወንዝ ላይ፣ መጀመሪያ ከተጠየቀበት ዓመት አንሥቶ
እስከ ዛሬ ሰኔ ሃያ ሁለት ቀን ድረስ
ድልድይ የለም።
በዘንድሮው ዕቅድም የለም።
ከሰላምታ ጋር።

ፊርማው የኔ ሥልጣን አይደለም፤ ባዶውን ተውሁት።
የቀን ማህተሜን ግን፣ ያቺን እጀታዋ የተሰነጠቀ፣
ሁለት ጊዜ እፍ ብዬ ከግርጌው መታሁ።
ወጪ ቁጥር መቶ አርባ ሦስት።

ማንበብ አታውቅም። ቁጥሩን ሦስቴ አስደገመችኝ፣
እንደ ውዳሴ ማርያም በከንፈሯ ያዘችው፤
ወረቀቱን በማዳበሪያ ላስቲክ ጠቀለለች፣
ከመቀነቷ ሥር አስገባችና ወጣች።
ዞን ምን ይላት ይሆን? እንጃ።
ምናልባት "ይታይ" ይሏታል።

ሐሙስ ኃላፊው ሲመጡ ይጠይቁኛል፤
የምመልሰውን ገና አላሰብሁም።
በመስኮቱ ከማዶ ደመናው ከብዷል፣
ገበያተኛው ሸራውን እያጠፈ ነው።
"ቀጣይ!" አልሁ።
ያ ሰውዬ ገባ፣ "ሁን" የጠፋበት።